ሳንቲም የምታህል ቅርፊት

ኮቤ ወደብ የገባነው ሐሙስ ነው፣ ከቀትር በኋላ፣
መርከባችን አንድ ሞተሯ ሞቶ፣ በሌላው ተንጠላጥላ።
መካኒክ ነኝ። ጉምሩኩ ሻንጣዬን ከፍቶ ሳቀብኝ፤
አንዲት መጥበሻ፣ ሁለት ማንኪያ፣ ዐሥራ አንድ ጣሳ ሰርዲን አገኘብኝ።
«አገራችን ምግብ የለም አሉህ?» አለኝ። «ሞልቷል» አልኩ፣ «ለኔ ግን…»
ቀሪውን በምን ቋንቋ ልንገረው? ጠቀለልኩት መጥበሻዬን።
በማግስቱ፣ ሃያ ሳህን ተደርድሮ፣ ቁርስ ቀረበና
እኔ ሙዝ ብቻ ላጥኩ፤ ልጣጭ አይዋሽምና።

አድራሻ የተጻፈበት ወረቀት ይዤ ዳገቱን ወጣሁ፤
በሩን የከፈተው ሽማግሌ፣ ማን እንደሆንኩ፣ ከየት እንደመጣሁ
ሳይጠይቅ፣ ፊቴን አየና «አንድ ብቻ ቀረን!» አለ።
(በእኛ ዘንድ ሰው አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው የጎደለ።)
ራሐሚም ይባላል። አያቱ ከሐለብ መጥተው፣ እሱ እዚሁ ተወልዶ፣
አተር ለማታህል ብርሃን ዓይኑን አረጀ፣ ለዕንቁ ማግዶ።

«ለሰንበት ዓሣ» አለና ክንዴን ይዞ ገበያ ወረደ፤
እባብ መሳዩ ዓሣ በባልዲው ውስጥ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ።
ከበረዶው ክምር ኋላ፣ በጎማ ቦቲ፣ ወይዘሮ ኪኑዬ
ብቅ አሉ። ሰላምታ የለም። እኔም ጥግ ይዤ፣ ዝም ብዬ
አየሁ፦ በሰማያዊ ጨርቅ የተጠቀለለ፣ የብቻውን ቢላዋ ፈቱ፤
ቀዩን ዓሣ አነሱ፤ እስከ ጭራው ገፈፉት፣ ሆዱን ከፈቱ፤
ግን ጎኑ ላይ አንዲት ቦታ፣ ሳንቲም የምታህል፣ ሳይነኩ ተዉ።
ራሐሚም በጥፍሩ ቧጠጣት፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ከፈለ።
የሠላሳ ዓመት ወሬያቸው ይኸው።

ዳገቱ ላይ፣ ትንፋሹን ሲሰበስብ፣ ነገረኝ መነሻውን፦
ያኔ ሴትዮዋ ልጅ-እግር፤ ገፍፈው፣ አጥበው፣ ነጭ ሥጋውን
ሲያቀርቡለት፣ ጥሎ ወጣ። ዘለፋ መሰላቸው።
በዝናብ ተከትለውት መጡ፣ ሽርጣቸውን ሳይፈቱ፣ እጃቸው
ደም እንደነካ፤ «ዓሣዬ ምን አለው?» ቋንቋ የለው፤ ጋዜጣ ዘርግቶ
ዓሣ ሳለ በእርሳስ፤ ክንፍ ቀጠለ፣ ቅርፊት ደረበ፤ ኋላ ቅርፊቱን አጥፍቶ
እጁን ዘረጋ። «ክንፍና ቅርፊት ያለውን» ይላል ኦሪቱ፤
ልብሱ ከተገፈፈ ወዲያ በምን ይታወቅ ማንነቱ?
ኪኑዬ ሥዕሉን አጥፈው፣ ከሽርጣቸው ኪስ ከትተው፣ ሄዱ።
በማግስቱ ሳንቲሟ ነበረች። አልተስማሙም፣ አልተከራከሩም፤ ለመዱ።

ዓርብ ማታ ጠበቅን። ከወደቡ መርከብ ጮኸች። ደረጃው ላይ
ኮቴ ሰማን፤ ተነሣን፤ ፖስተኛ ነው፤ ቤት ተሳስቶ። ሰማይ
ጠቆረ። ለዐሥር ብቻ የተፈቀደውን ቃል ዘለልን፣
ሌላውን ቶሎ ቶሎ አልነው፣ እንደ ባለዕዳ። ዓሣውን ግን
ቀስ ብለን በላን።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በሌላ መርከብ፣ በጤነኛ ሞተር ተመለስኩ።
ራሐሚም ከተራራው ጀርባ፣ ድንጋይ ሥር ነው፤ ጠጠር አኑሬ፣ ገበያ ደረስኩ።
ቢላዋው እጅ ለውጧል። የኪኑዬ የእህት ልጅ፣ ቺጉሳ፣ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ሰክታ፣
ቀይ ዓሣ ገፈፈች፣ ሆዱን ከፈተች፤ ጎኑ ላይ ሳንቲሟን ትታ
ጠቀለለች። አፌን አልከፈትኩም፤ ቆቤም ኪሴ ውስጥ ነበር።
ቅርፊቷን ነክቼ «ለማን ነው?» አልኩ፣ በእጅ፣ በዓይን፣ በሰባራ ነገር።
«ለሁሉም ነው» አለች። «አክስቴ ናት እንዲህ ያስለመደችኝ።
ደንበኛ ያጉረመርማል። ለምን ስላት፣
‹ማን እንደነበር የሚጠይቅ ይመጣል› አለችኝ።»

ሰማያዊው ጨርቅ ግን የለም፤ ቢላዋው ለእባብ መሳዩም ያው ነው።
ሆቴል ገብቼ የተቆረጠበትን ፋቅሁ፣ ሦስቴ አጠብኩ፤ እንግዲህ ምን አለው፣
ከሁለት ምልክት አንዷ ደርሳኛለች። መጥበሻዬን ጣድኩ።
ሳንቲሟን በጥፍሬ አነሣሁ፤ በላሁ፤ አጠብኩ፤ ወደ መርከቤ ሄድኩ።
አንዲት ቅርፊት ግን አልታጠበችም፤ አውራ ጣቴ ላይ ቀርታ
አብራኝ ዋለች፣ ሞተር ክፍሉ ውስጥ፣ በዘይቱ መሐል፣ እስከ ማታ።